አይጧ ደግማ አትፈተንም

የእንስሳት ባህርይ መመዝገቢያ ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች መብራት በየቀኑ የሚሄድበት ከተማ ኖረው የሚያውቁ አይመስለኝም። ኖረው ቢሆን ኖሮ፣ ፕሮግራሙ ያየውን ሁሉ እስከ ሙከራው ፍጻሜ ሳያስቀምጥ ይዞ ቆይቶ መጨረሻ ላይ አንዴ እንዲጽፍ አድርገው አይሠሩትም ነበር። የ5 ደቂቃ ሙከራ ሊያልቅ ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው መብራት የሄደበትን ፋይል ጎንደር ያለን ሰዎች እናውቀዋለን። ኮምፒዩተሩ ተመልሶ ሲነሳ ፋይሉ በስሙ ተቀምጧል፤ ሲከፈት ግን ውስጡ ባዶ ነው።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ ሥራችንን ላስረዳ። እዚህ በፋርማኮሎጂ የምንደክም ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የምንፈትነው የአገር መድኃኒት ነው። ደባርቅ፣ ዳባት፣ ወገራ፣ ደምቢያ ወጥተን ወርደን ከባህል ሐኪም ቅጠል ወይም ሥር እንቀበላለን። ለምች የሚታሸው ዳማከሴ አለ፣ የሚታጠነው ሐረግ ሬሳ አለ፣ ጥንጁት አለ፣ ግዛዋ አለ፣ ሰንሰል አለ። በጥላ አድርቀን፣ ወቅጠን፣ በሜታኖል ለሦስት ቀን ዘፍዝፈን፣ አጥልለን፣ ፈሳሹን አትንነን የሚቀረውን እንወስዳለን። ከዚያ ነው ነጮቹ አይጦች የሚመጡት። ሕመም ያስታግስ እንደሆነ ለማየት 55 ዲግሪ የሞቀ ሳህን ላይ አስቀምጠን አይጧ እግሯን እስክትልስ ስንት ሰከንድ እንደቆየች እንቆጥራለን፤ እንዳትቃጠል 15 ሰከንድ ሲሞላ እናነሳታለን። ድባቴን የሚያቃልል እንደሆነ ፖርሶልት የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው ዘዴ ውኃ በያዘ ረጅም ብርጭቆ ውስጥ 6 ደቂቃ ትዋኛለች፤ በመጨረሻዎቹ 4 ደቂቃዎች ሳትንቀሳቀስ የቆየችበት ጊዜ ይለካል። ለጭንቀት ደግሞ ፕላስ ሜዝ የምንለው አለ፤ ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የቆመ መስቀል ነው፣ ሁለቱ ክንፎቹ ግድግዳ ያላቸው፣ ሁለቱ ገላጣ። የፈራች አይጥ ግድግዳው ውስጥ ትሸሸጋለች፣ ጭንቀቷ የቀለለላት ወደ ገላጣው ትወጣለች።

ይህን ሁሉ ሰው በዓይኑ አይቶ በእጁ መቁጠር ይችላል፤ ሲቆጠርም ኖሯል። ግን አምስት ቡድን በየቡድኑ ስድስት ስድስት አይጥ ሲሆን፣ ሠላሳኛዋ ላይ ሲደረስ ዓይን ይደክማል። ከድካሙ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ቅጠሉ እንዲሠራ የሚመኝ ሰው የሰዓት ቆጣሪውን ቁልፍ ሲጫን ምኞቱ ጣቱ ውስጥ ይገባል። አይጧ አራቱንም እግሯን ገላጣው ክንፍ ላይ አሳርፋለች ወይስ ሁለቱን ብቻ? ይህን የሚወስነው አንዲት ቅጽበት ነው። ከላይ የተሰቀለ ካሜራ፣ ከሥሩ የአይጧን አካል እየተከተለ የት ቦታ ስንት ሰከንድ እንደቆየች፣ ስንት ሜትር እንደሄደች የሚቆጥር ሶፍትዌር ሲኖር ይህ ጥርጣሬ ይቀንሳል። ስለዚህ ሶፍትዌሩን መፈለጋችን ለፋሽን አይደለም። ባለሙያ ሆኖ የሚፈልገው ሁሉ በቅን ነው የሚፈልገው።

ግን እንዴት አድርገን እንጠቀምበት?

የፕላስ ሜዝን ጉዳይ ላንሳ፤ ከሁሉ የሚያመኝ እሱ ነው። አንዲት የማስተርስ ተማሪ ጠዋት መጥታ አይጦቿን ትመዝናለች፣ በየክብደታቸው መጠኑን ታሰላለች፣ በአፍ ትሰጣለች። መድኃኒቱ ከተሰጠ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው ሙከራው። ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ መጋረጃው ወርዷል፣ አይጧ በመስቀሉ መሐል ፊቷን ወደ ገላጣው ክንፍ አድርጋ ተቀምጣለች። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ መብራቱ ይሄዳል። ወዲያው ዩፒኤሱ መጮህ ይጀምራል፤ በየጥቂት ሰከንዱ ጢጥ ይላል። አይጥ እኛ ከምንሰማው እጅግ የቀጠነውን ድምፅ ጭምር የምትሰማ ፍጡር ናት፤ የሰው ጆሮ 20 ኪሎ ኸርዝ ላይ ሲያቆም የእሷ ከ80 ኪሎ ኸርዝ በላይ ይሄዳል። ፍርሃቷን ልንለካ ባስቀመጥናት ቦታ እኛው ራሳችን አስፈራናት ማለት ነው። የዩፒኤሱ ባትሪ አርጅቷል፣ ኮምፒዩተሩን ለማዝለቅ አይበቃም፤ እሱም ይጠፋል። ከውጭ ጄኔሬተሩ ያጓራል፣ አምፖሉ ቦግ ይላል፣ አይጧ ደንግጣ ከክንፉ ላይ ትዘላለች። ተማሪዋ ታነሳታለች፣ በእጇ መዳፍ ይዛ ታየኛለች።

«ዶክተር፣ እንድገማት?»

መድገም አይቻልም። ፕላስ ሜዝን አንዴ ያየች አይጥ ሁለተኛ ስትገባ ሌላ አይጥ ናት። ሳንድራ ፋይል የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ ይህን ካሳዩ ብዙ ዓመት ሆኗል፤ አንዲት የ5 ደቂቃ ልምድ ብቻ በቂ ናት፣ በማግስቱ ለተመሳሳይ ፈተና ስትቀርብ ዳያዜፓም የተባለው የጭንቀት መድኃኒት እንኳ እንደ መጀመሪያው አይሠራባትም። የተሰጣትም መድኃኒት ሰዓቱ እያለፈ ነው። ስለዚህ ያቺ አይጥ ከጥናቱ ትወጣለች፤ ከጥናት የወጣች አይጥ ደግሞ ወደ ሳጥኗና ወደ ሰጋቱራዋ ተመልሳ ዕድሜዋን የምትጨርስ አይደለችም። በምትኳ ሌላ ትገባለች። አንድ ፕሮግራም በየሰከንዱ የሚያየውን ወደ ዲስክ ቢጽፍ ኖሮ ቢያንስ የሦስቱ ደቂቃ መረጃ ይተርፍ ነበር፤ ለመጨረሻ ውጤት ባይበቃም ምን እንደሆነ ያሳይ ነበር። በየሰከንዱ መጻፍ ለፕሮግራም ሠሪ ከባድ ሥራ አይደለም። ስልካችን ላይ የምንጽፈው አጭር መልእክት እንኳ ስልኩ ቢጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል።

ዊልያም ራስልና ሬክስ በርች እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት መጽሐፍ ለእንስሳት ሙከራ ሦስት ነገር ጠይቀዋል፦ በሌላ መተካት ከተቻለ ተካ፣ ካልተቻለ ቁጥራቸውን ቀንስ፣ ሥቃያቸውን አቅልል። ዛሬ በዓለም ያለ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሁሉ ይህን ይዞ ይጠይቀናል፤ እኛም ፕሮፖዛል ስናስገባ «በቡድን ስድስት» ብለን በስሌት እናስረዳለን። መልካም ነው። ግን በሶፍትዌር መበላሸትና በመብራት መሄድ ያለቀችው አይጥ በየትኛውም ቅጽ ላይ ቦታ የላትም። ቁጥር ቀንሱ የሚለን ሰነድ አንድ ቦታ አለ፣ ቁጥር የሚያበዛብን ፕሮግራም ሌላ ቦታ አለ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው የለም። እሮሮዬ ሁሉ ተጠቅልሎ የሚገባው እዚህ ውስጥ ነው። የእኔ ጊዜ ቢባክን ይባክን፤ የደመወዝ ሰው ነኝ። አይጧ ግን ላንዲት ፈተና ነው የመጣችው።

መብራት በሙከራው ሰዓት ብቻም አይደለም የሚጎዳን። የእንስሳት ቤቱ ብርሃን 12 ሰዓት በርቶ 12 ሰዓት መጥፋት አለበት፤ የአይጥ እንቅልፍ፣ አመጋገብ፣ ንቃት ሁሉ በዚያ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ብርሃኑን የሚያበራና የሚያጠፋው ሰዓት ቆጣሪ ኤሌክትሪክ በሄደ ቁጥር ቆሞ፣ ሲመለስ ከቆመበት ይቀጥላል። ሁለት ሰዓት መብራት ጠፍቶ ከነበረ የአይጦቹ ማታ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ይመጣል። ከመንግሥት በዓል በኋላ ሰኞ ጠዋት ስንገባ አይጦቹ በቀናቸው ተኝተው መገኘት ሲገባቸው በእኩለ ሌሊታቸው ሲሯሯጡ እናገኛቸዋለን። ጥናቱ ላይ ግን «12 ሰዓት ብርሃን፣ 12 ሰዓት ጨለማ» ተብሎ ይጻፋል። ሁሉም እንደዚያ ይጽፋል።

ወደ ሰዓቱ ጉዳይ ከገባን አይቀር፣ ይኼ ብቻውን አንድ ገጽ ይበላል። እኛ ቀኑን የምንጀምረው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ኮምፒዩተሩ እኩለ ሌሊት ላይ። በሳጥኑ ላይ በተለጠፈው ካርድ «መድኃኒት የተሰጠው 3፡10» ተብሎ በእስክሪብቶ ይጻፋል፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ ለዚያው ሰዓት 09:10 ይላል። ጠዋት ከሆነ ማንም አይሳሳትም። አይጥ ግን የሌሊት እንስሳ ናት፣ ቁም ነገር ያለው ባህርይዋ የሚታየው በጨለማ ነው፤ አንዳንድ ሙከራ ማታ ይካሄዳል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የተመዘገበው የትኛው ቀን ነው? ለእኛ የትናንት ሌሊት ነው፣ ለፕሮግራሙ የዛሬ ንጋት። ካርዱና ፋይሉ አንድ ቀን ይለያያሉ። ከዚያ ወርና ዓመት ይመጣል። ፋይሉ ስም ላይ 03/04 ተብሎ ቢገኝ በአሜሪካ አጻጻፍ መጋቢት 4 ነው በእነሱ ቀን፣ በአውሮፓ ሚያዝያ 3፣ በእኛ ደግሞ ታኅሣሥ 3። ሦስቱንም የለመዱ ሰዎች በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ተራ በተራ ሲሠሩ ምን እንደሚመጣ መገመት ይቻላል። ጳጉሜንማ ለፕሮግራሙ የለችም፤ ወር ሲጠይቅ ከ12 በላይ አይቀበልም። አንድ ሰው ተነስቶ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር በአንድ ምርጫ ማስገባት አይችልም እንዴ? ስሌቱ የታወቀ ነው፤ ስልኮቻችን ላይ የአገር ካላንደር ያላቸው መተግበሪያዎች ሞልተዋል። ለቤተ ሙከራ ሶፍትዌር ግን እስካሁን የደረሰ የለም፤ እኔ ያየሁት የለም።

በዚሁ ላይ ኮምፒዩተሩ አርጅቶ ውስጡ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባትሪ ስትሞት፣ መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህንንም ሰው ሊያስተካክለው ይችላል። ግን ባለ ጊዜ ገደብ ላይሰንስ ያለው ፕሮግራም ቀኑ ወደ ኋላ ሲሄድ ሲያይ ተጠቃሚው ላይሰንሱን ለማራዘም ሰዓቱን ሆን ብሎ መለሰው ብሎ ይደመድምና ይዘጋል። የከፈለ ሰው እንደ ሌባ ተቆጥሮ፣ ለማስከፈት ወደ ውጭ ኢሜይል ይጽፋል። መልሱ የሚመጣው እነሱ ቢሮ ሲገቡ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ከሆነ ሰኞ። መድኃኒት የወሰደች አይጥ እስከ ሰኞ አትጠብቅም።

ስለ ላይሰንስ ይህን ያህል ካልኩ አያያዙንም ልናገር። አንዳንዱ ሶፍትዌር ፍላሽ የምትመስል ቁልፍ ይዞ ይመጣል፤ ቁልፏ ካልተሰካች አይነሳም። አንድ ቁልፍ ለአንድ ኮምፒዩተር። እንዳትጠፋ ተብሎ በኃላፊው መሳቢያ ይቆለፍባታል፤ ኃላፊው ስብሰባ ወይም ስልጠና ሲሄድ የመሳቢያው ቁልፍ አብሮት ይሄዳል። ስድስት ተማሪ ወረፋ ይይዛል፣ የሁሉም መመረቂያ ጊዜ በአንድ ወር ውስጥ ነው። ብትጠፋ ደግሞ በሙሉ ዋጋ እንደገና መግዛት ነው የሚሉ አሉ።

መግዛቱስ? በአገራችን የመንግሥት ግዥ ሦስት ፕሮፎርማ ይጠይቃል። ሠሪው አንድ፣ ሻጩ አንድ የሆነ ዕቃ ከየት ሦስት ፕሮፎርማ ይመጣለታል? ለብቸኛ አቅራቢ የሚሆን አሠራር አለ፤ ግን እስኪጸድቅ ፕሮፎርማው የሚጸናበት ቀን ያልፋል። ሌላ ይጠየቃል፣ በሌላ ዋጋ። ዋጋው በዩሮ ወይም በዶላር ነው፤ የውጭ ምንዛሪ ወረፋው ረጅም ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር ትንሽ ከፍ ብሎ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በድሮው ተመን በጀት ያስያዘ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ግማሹን በጀት ያጣ ያህል ሆነ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቤተ ሙከራ የሶፍትዌር ነገር አያነሳም። በክራክ የሚሠራ አለ፤ አልደብቅም፣ ሁላችንም እናውቃለን። ክራኩ ቫይረስ ይዞ ይገባል፣ የተማሪው ፍላሽ ላይ ያለው ፎልደር ሁሉ ወደ ሾርትከት ይለወጣል፣ የዓመት ሥራ ይጠፋል። ከዚህም በላይ፣ ቆጠራው ውስጡ የተነካካ ፕሮግራም የሰጠንን ቁጥር በምን እንመነው? እንዲህ ዓይነቱን ቁጥር ይዞ መጽሔት ላይ መውጣት ለእኔ አይዋጥልኝም።

ሌሎች ጥቃቅኖች አሉ፤ ሲደማመሩ ያስመርራሉ። ፎልደሩን በአማርኛ «የአይጥ ቪዲዮ» ብሎ የሰየመ ተማሪ ፕሮግራሙ ፋይሉን አላገኘሁም እያለው ግማሽ ቀን ይፈልጋል፤ ፊደላችን ለእሱ ባዶ ሳጥን ነው። አፕዴት ራሱ በፈለገው ሰዓት ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ያበራል። ዊንዶውስ 10 ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ድጋፉ ስለ ተቋረጠ፣ አዲሱን ዊንዶውስ የማይሸከሙ ኮምፒዩተሮቻችን ላይ የሚሠራው አሮጌው ሶፍትዌር ከእንግዲህ ወዴት እንደሚሄድ የሚነግረን የለም። ነጭ አይጥ በነጭ ወለል ላይ ካሜራው አይለያትም፤ ስለዚህ ወለሉ ጥቁር መሆን አለበት። አናጢው ጥቁር ቀባው፣ ግን ያማረ መስሎት የሚያብረቀርቅ ቀለም ተጠቀመ፤ የመስኮቱ ብርሃን ሲያርፍበት ፕሮግራሙ ነጸብራቁን አይጥ ብሎ ይከተላል። አይጧ ጥግ ላይ ቆማ እያለ ወረቀቱ ላይ አሥር ሜትር ሮጣለች ይላል። ቪዲዮውን መልሶ ያላየ ሰው ያንን ቁጥር ይዞ ይሄዳል። አናጢውን አልወቅስም፤ ማት የሚባለውን ቀለም ጠይቀን አግኝተን ደግመን አስቀባነው፣ ሥራውም ጥሩ ሆነ።

ነጻ የሆኑ ሶፍትዌሮች መኖራቸው አንድ መጽናኛ ነው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ውለታ መርሳት ይሆንብኛል። ነገሩ ከተጀመረ ረጅም ዘመን ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የአይጥ መፈተኛ ሳጥኑን ሲሠራ አይጧ ማንሻውን በተጫነች ቁጥር በሚዞር ወረቀት ላይ ብዕር ይጽፍ ነበር፤ ኋላ ሽቦና ማብሪያ ማጥፊያ መጣ፣ ቀጥሎ ኮምፒዩተር። ለብዙ ዓመት መሣሪያውና ፕሮግራሙ በአንድ ሻጭ እጅ ነበሩ። ባለጸጋው አገር ያሉ ባልደረቦቻችንም በዚህ ተማርረዋል፤ ምሬታቸው ፍሬ አፈራ። ከሊዝበን ቦንሳይ መጣ፤ ካሜራውንም፣ መብራቱንም፣ ማንሻውንም አንድ ላይ የሚያዛምድ ነጻ ፕሮግራም ነው። ከቶሪኖ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 ቦሪስ ወጣ፤ ቪዲዮ እያዩ ባህርይን በኪቦርድ ቁልፍ የሚመዘግቡበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ዲፕላብከት መጣ፤ የአይጧን አፍንጫ፣ ጆሮ፣ የጅራቷን ሥር ሳይቀር ለይቶ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ኢዝትራክ፤ መካከለኛ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። ማንም ብር አይጠይቅባቸውም።

ይሁንና ነጻ ነው ማለት ይገኛል ማለት አይደለም። ዲፕላብከት ጠንካራ የግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል፤ የአንዱ ካርድ ዋጋ የመምህር የብዙ ወር ደመወዝ ነው። ለመጫን ፓይተን፣ ከፓይተን ጋር የሚሄዱ በጊጋባይት የሚቆጠሩ ጥቅሎች ከኢንተርኔት መውረድ አለባቸው። 90 በመቶ ወርዶ ኔትወርክ ሲቋረጥ አንዳንዱ ከዜሮ ይጀምራል። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። በዚያን ጊዜ በየዓመቱ በኢንተርኔት ካልታደሰ አልሠራም የሚል ፕሮግራም የያዘ ቤተ ሙከራ ሁሉ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ፤ ቦሪስን አስቀድሞ የጫነ ግን ቪዲዮውን እያየ ሥራውን ቀጠለ። ያን ጊዜ ነው እኔ ያለ ኢንተርኔት የማይነሳ ማንኛውንም ፕሮግራም ለተማሪ መምከር ያቆምኩት። መመሪያዎቹም በእንግሊዝኛ ናቸው፣ ለፕሮግራም አዋቂ የተጻፉ ናቸው፤ የፋርማኮሎጂ ተማሪያችን ኮድ ተምሮ አያውቅም። የጫነው ጥቅል በሚቀጥለው ዓመት ከሌላው ጋር አልስማማ ይላል፣ ቀዳሚው ተማሪ ተመርቆ ሄዷል፣ እንዴት እንዳሠራው የጻፈ የለም።

ስሜን ተራራ ላይ ጭላዳ የሚከታተሉት ተመራማሪዎች ችግራቸው በሌላ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የጭላዳ ጥናት እዚያ ሲካሄድ ቆይቷል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለው ብርድ ባትሪ ይጨርሳል፣ ጉም ይወርዳል፣ መሣሪያው ይጠፋል። ግን ጭላዳው ነገም እዚያው ገደል አፋፍ ላይ ሣር ሲነጭ ይገኛል። ወረቀት አውጥቶ መጻፍ ይቻላል፣ በነጋታው መመለስ ይቻላል። እነሱንም ሳይቸግራቸው አይቀርም፤ እንስሳው ግን በእነሱ ስህተት አይሞትም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ብዙዎቻችን ወደ ሰዓት ቆጣሪና እስክሪብቶ ተመልሰናል። ሁለት ሰው ይቀመጣል፣ ሁለቱም አይጧ የትኛው ቡድን ውስጥ እንዳለች አያውቁም፣ ለየብቻ ይቆጥራሉ፣ በኋላ ቁጥራቸው ይነጻጸራል። በትክክል ከተሠራ ይህ የተከበረ ዘዴ ነው፤ ፖርሶልትም ሌሎቹም የጀመሩት እንዲሁ ነው። ጽሑፉ ወደ ውጭ መጽሔት ሲላክ ግን ገምጋሚው የሚጽፈው የመጀመሪያ ጥያቄ «የትኛውን ሶፍትዌር ተጠቀማችሁ?» የሚል ነው። በእጅ ቆጠርን ስንል ሥራው ሁሉ ይጠረጠራል። የታዋቂ ፕሮግራም ስም የተጻፈበት ጽሑፍ ደግሞ ነጸብራቅ ይከተል እንደነበረ ማንም ሳይጠይቅ ያልፋል። ይህ ያናድደኛል፤ ደጋግሞም ያናድደኛል። ገምጋሚ ሊጠይቅ የሚገባው ቆጣሪዎቹ ቡድኑን ያውቁ እንደነበረና ቪዲዮው ተመልሶ መታየቱን ነው፤ ማሽንም ሰውም ቢቆጥር ጥያቄው ያው ነው።

ዳባት አካባቢ ያሉ አንድ የባህል ሐኪም ቅጠሉን የሰጡን አምነውን ነው። ከአባታቸው የተቀበሉትን ነገር ለማያውቁት ሰው ገልጠው ማሳየት ለእሳቸው ቀላል አልነበረም። ገበያ ቀን ባገኙን ቁጥር፣ «ልጄ፣ ያቺ ቅጠል ምን ላይ ደረሰች?» ይላሉ። «አባባ፣ ገና ነው፣ እየሠራን ነው» እንላለን። ላይሰንስ፣ ዩፒኤስ፣ ፕሮፎርማ ብለን አናስረዳቸውም፤ እሳቸው የሚጠይቁት ስለ ቅጠሉ ነው። አንዳንዴ ከመዘግየታችን የተነሳ ዳግመኛ ቅጠል ልንጠይቅ ስንሄድ ወቅቱ አልፎ ተክሉ ደርቆ ይቆየናል፤ ሌላ ክረምት እንጠብቃለን። በሌላ ክረምት የተለቀመ ቅጠል ደግሞ ከመጀመሪያው ጋር እኩል ኃይል እንዲኖረው ዋስትና የለውም፤ ሁለቱን በአንድ ጥናት ማጣመር አይቻልም።

በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ዓላማው በአገሩ ሁኔታ የሚሠራ ባለሙያ ማፍራት ነበር። የገጠር ጤና ጣቢያ ሄዶ፣ ያለውን ይዞ፣ ሳይታክት የሚሠራ። ያ መንፈስ በሰዉ ዘንድ አሁንም አለ፤ እኔ ከተማሪዎቼ አጥቼው አላውቅም። መሣሪያው ነው ለእኛ ሁኔታ ያልተሠራው። ስለዚህ ሶፍትዌር ለሚሠሩ የውጭም የአገርም ሰዎች የምንጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም፦ ያየውን ወዲያው ይጻፍ፤ ያለ ኢንተርኔት ይነሳ፤ አንዴ ከተገዛ አይዘጋ፤ ፋይሉ ሌላ ፕሮግራም ሊከፍተው በሚችል ቅርጽ ይቀመጥ፤ ፊደላችንንና ቀናችንን ይቀበል። በየዩኒቨርሲቲያችን የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ፍለጋ ሲንከራተቱ በየዓመቱ እናያለን፤ የሆቴል ክፍል መያዣና የቤተ መጻሕፍት መመዝገቢያ ብዙ ጊዜ ተሠርቷል። አንዱ ቡድን ወደ እንስሳት ቤቱ ይምጣ፣ ለአንድ ሳምንት ይቀመጥ፣ መብራት ሲሄድ ምን እንደሚሆን በዓይኑ ይይ፣ ከዚያ ይጻፍልን። ከጎንደር፣ ከባሕር ዳር፣ ከጅማ፣ ከመቀሌ፣ ከአዲስ አበባ ያለን የዘርፉ ሰዎች ቪዲዮዎቻችንን አዋጥተን ልንሰጣቸው እንችላለን።

ለራሳችን ለመምህራንና ለአማካሪዎች ደግሞ አንድ ነገር ልበል። በየመመረቂያ ጽሑፉ የዘዴ ክፍል ውስጥ በሶፍትዌር፣ በመብራትና በካሜራ ብልሽት ከጥናቱ የወጡት አይጦች ቁጥር በየቡድኑ ተለይቶ ይጻፍ። እስካሁን የምንጽፈው በበሽታ ወይም በመድኃኒቱ የሞቱትን ብቻ ነው። ቁጥሩን ስንጽፍ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ያየዋል፣ በጀት የሚያጸድቀው ያየዋል፣ የውጭው ገምጋሚም ያየዋል። የዩፒኤስ ባትሪ ለመግዛት ገንዘብ የለም ሲባል፣ ባትሪው ባለመኖሩ በዓመት ስንት አይጥ እንዳለቀ ከፊቱ ይቀመጥ። ቅጹ ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው፤ ከሚቀጥለው ፕሮፖዛል መጀመር እንችላለን።